ሳላቋርጥ የጾምኩት ረመዳን

መጀመሪያ እምቢ ያለኝ የጄሪካን ክዳን ነው። ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ላደርግ ተነሥቼ ክዳኑን ስይዘው ጣቶቼ አልጨበጥ አሉኝ። ያን ያህል አላመመኝም። ብቻ ተገትረዋል፤ የኔ አይመስሉም። ባለቤቴን ሰይድን ቀስቅሼ አስከፈትኩት። «ምነው ዘሐራ፣ እጅሽ ካንቺ ቀድሞ አረጀ?» ብሎ ቀለደ፤ እኔም ሳቅሁለት። ረፋድ ላይ ጣቶቼ ሲፍታቱ ነገሩን ረሳሁት።

በማግስቱም ያው ሆነ። ከዚያም ወዲያ እንደዚሁ። ሰይድ ሳይነግረኝ ማታ ማታ ክዳኑን አላልቶ መተው ጀመረ።

ሁለታችንም የደሴ ልጆች ነን። ካምፓላ ውስጥ ኦዊኖ ገበያ፣ እዚህ ሚቩምባ የሚሉትን የውጭ ልባሽ በቦንዳ ገዝተን፣ ፈትተን እንሸጣለን። ሰይድ ቦንዳ ይመርጣል፣ ይሸከማል፣ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል። እኔ ሰፊውን አጠብባለሁ፣ ረጅሙን አሳጥራለሁ፣ የተበላሸ ዚፕ እቀይራለሁ። ሱቃችን ከጎረቤቶቹ የሚለየው በእጄ ሥራ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2020 ነው፤ አገሩ ሁሉ ስለ ሳንባው ሲፈራ እኔ ስለ ጣቴ እፈራ ነበር።

የቀኙ ካበጠ የግራውም ያብጣል። የእጄ አንጓ፣ ጉልበቴ፣ ከዚያ የእግሬ መዳፍ ተራ በተራ ገቡበት፤ ከአልጋ ስወርድ ጠጠር ላይ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። የጋብቻ ቀለበቴን በሳሙና ታግለን አወለቅነው። መቀስ መጨበጥ ሲያቅተኝ ሰይድ መቀለዱን ተወ። በኮሮና የተዘጋው መንገድ እንደተከፈተ ንቲንዳ ሰፈር ወዳለች አንዲት የመገጣጠሚያ ሐኪም ይዞኝ ሄደ።

ዶክተር ግሬስ ትባላለች። ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን እያለች አየች፤ ደም አስወሰደች። ሩማቶይድ ፋክተሩም፣ አንቲ ሲሲፒ የሚባለውም ፖዘቲቭ ሆኖ መጣ። እኛ ሪህ ወይም ቁርጥማት ብለን የምንጠቀልለው እንዳልሆነ አስረዳችኝ። «ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው» አለች። «ሰውነትሽን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የራስሽን መገጣጠሚያ እያጠቃ ነው። ካላበረድነው ያፈርሰዋል።»

ተራ ስጠብቅ አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ነፋስ እንደመታው ሣር ወደ አንድ ጎን ተጋድመዋል። ሻይ ልጇ ነበረች የምታጠጣት። ሴትዮዋ ከኔ ብዙም አትበልጥም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈራው ነገር መልክ አገኘ።

ዶክተሯ ሜቶትሬክሴት አዘዘችልኝ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ነው። ቀጥላ፣ «ይህን እየወሰድሽ ማርገዝ የለብሽም፤ ፅንሱን ይጎዳል» አለችኝ።

እኔ ዘግይቼ ነው ያገባሁት። ይህን ስትለኝ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። አንድ ጊዜ አርግዤ ወርዶብኛል። ዶክተሯ ልጅ ለሚፈልጉ ሴቶች ሌላ መድኃኒት እንዳለም ነግራኝ ኖሯል፤ ወረቀቴ ላይም ጽፋዋለች። እኔ ግን ጆሮዬ «ማርገዝ የለብሽም» ላይ ቆሞ ቀርቷል። መድኃኒቱን ገዝቼ ቤት ገባሁ። ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ማሸጊያውን እንኳ አልከፈትኩትም።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት ተክል የለም። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ እርድ በወተት፣ ዝንጅብል፤ ያን ጊዜ ለኮሮና ብሎ ሰው ሁሉ የሚያፈላውን አርቴሚሲያም ጠጣሁ። አፌን ከማምረር በቀር ያመጣው ነገር አልነበረም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ እኔም እርጉዝ ለመሆን ስል ያገኘሁትን ሁሉ አገባሁ።

በመጨረሻ ሐጂ ጀማል መጡ። ከቻይና ዕቃ የሚያስመጡ የጅማ ሰው ናቸው፤ ለሰይድ እንደ ታላቅ ወንድም ናቸው። የዕቃ ላኪያቸው የቻይናዊው እናት እንደኔ እጇ ተሳስሮ ቆይቶ በአንድ መድኃኒት መዳኗን ሰምተው፣ ያንኑ ከዕቃቸው ጋር አስመጡልኝ። ቡናማ ካፕሱል ነው፤ ሳጥኑ ላይ ቀይ የቻይና ጽሑፍና የሐረግ ሥዕል አለበት። «ሥር ነው ዘሐራ» አሉኝ። «ከተራራ ተቆፍሮ የወጣ ሥር። ኬሚካል የሚባል አልነካውም።» ሐጂ ጀማል ለክፋት አላደረጉትም። እኔ ልሰማው የምፈልገውን ቃል ነው ያመጡልኝ።

ሠራ። ይህን መደበቅ አልችልም፤ እንደኔ የታመማችሁ ሰዎች ማወቅ ያለባችሁም እሱን ነው። በሁለተኛው ወር ጠዋት የሚገትረኝ ነገር ሻይ እስኪፈላ ድረስ ይለቀኝ ጀመር። እብጠቱ ጎደለ። መቀስ ጨበጥኩ። አንድ ቀን ጄሪካኑን ሰይድ ረስቶ አጥብቆት ኖሮ፣ ሳላስበው በራሴ እጅ ከፈትኩት። ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ የወር አበባዬ ቀነሰ። ቀጥሎ ዘገየ። ቀጥሎ ቀረ።

ከጎረቤት የማቶኬ፣ የሚቀቀለው ሙዝ፣ ሽታ ሲመጣ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ምግብ አስጠላኝ። ሲነጋ ያዞረኛል። ይህን ሁሉ ደምራችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ አልኩ። ማኬሬሬ ኮረብታ ሥር በምንኖርበት ግቢ እትዬ ከድጃ የሚባሉ የወረባቦ ሴት አሉ፤ እናቴን የተኩልኝ ናቸው። ለእሳቸው ብቻ ነገርኳቸው። አፌን በእጃቸው ከደኑት።

«ዝም በይ!» አሉኝ። «ያለፈውን ዓይን ነው የበላው። ለባልሽ እንኳ በቃል አትንገሪው። ሆድሽ ራሱ እስኪናገር ድረስ አንቺ አትናገሪ።»

እኔ የዓይን ነገር ብዙም አላምንም እል ነበር። ያለፈውን ጊዜ ግን ገና ሳይጠና ለመላው ዘመድ በስልክ ያበሠርኩት እኔው ነበርኩ። ስለዚህ ፈራሁ። ምርመራውም እንደ ማውራት ታየኝ፤ ፋርማሲው ውስጥ የሚሠራው ልጅ የኛው ሰው ነው፣ ለሚስቱ ይነግራታል፣ ሚስቱ ለገበያው። ክሊኒክ አልሄድኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ደስታውን የደበቀ ምን እንደሚገጥመው የተረተ ግን አልሰማሁም። ካፕሱሉንም ቀጠልኩ። ሥር ነው፣ ኬሚካል የለበትም፣ ልጄን አይጎዳም እያልኩ ጠዋትና ማታ በቢስሚላህ ዋጥኩት።

በ2021 ረመዳን ገባ። እናቴ ሁላችንንም አርግዛ ጾማለች፤ እኔም ያዝኩት። እንደምታውቁት ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ጾም የለባትም፤ የጎደለውን ቀን በኋላ ቀዷ ታወጣለች። ያም ሆኖ ባሏ ፊት በቀን ውኃ አትጠጣም፤ ታፍራለች፣ ጓዳ ተደብቃ ነው የምትቀምሰው። ሴቶች ግን እርስ በርስ እንተዋወቃለን፤ ማን ስንት ቀን እንደጎደለባት ለማፍጠሪያ ስንሰባሰብ ከፊት ይነበባል። ያን ዓመት እኔ አንድም ቀን አልጎደለብኝም። በዒዱ ዕለት እትዬ ከድጃ ጉንጬን ቆነጠጡና «ዘንድሮስ ቀዷ የለብሽም» አሉኝ በሹክሹክታ። ሰይድ በር ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና አላለም። ጆሮው ግን ቀላ።

አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ብቻ ከበዓሉ በኋላ ቦንዳ ሲፈታ ጥቃቅኗን ልብስ እየነጠለ በጥቁር ፌስታል ሲያስቀምጥ አየሁት። ከመዳፌ የማትበልጥ ካልሲ፣ ጆሮ ያላት ኮፍያ። ያላየሁ መሰልኩ። እንዲህ ሆነን ነበር የምንኖረው፤ ሁለታችንም እያወቅን፣ ሁለታችንም ዝም ብለን፣ በሕይወታችን እንደዚያ የተፋቀርንበት ጊዜ የለም።

ሆዴ ግን አልተናገረም።

እጄን ቀሚሴ ሥር አስገብቼ እዳስሳለሁ። ጠፍጣፋ ነው። ቆዳዬ ምንም ሳይመታኝ ይበልዛል። አፌ ውስጥ ቁስል ወጣ። ሁለተኛው ሎክዳውን መጣና ታክሲም፣ ቦዳ የሚሉት ሞተር ሳይክልም ቆመ። ያን ጊዜ ትኩሳት ያዘኝ፤ አልወርድ አለ። ኮሮና መስሎኝ ፈራሁ። ከኮሮናው በላይ ግን ልጄን ፈራሁ። ለሰይድ በቃል የነገርኩት ያን ቀን ነው። «አውቃለሁ» አለና ጫማዬን አጠለቀልኝ። ቅርብ ወዳለው ክሊኒክ በእግራችን ሄድን።

አልትራሳውንድ የሚያነሳው ወጣት ነበር። ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዴ ላይ ቀባ። አየ። ደግሞ አየ።

«መጨረሻ የወር አበባሽን ያየሽው መቼ ነው?»

ነገርኩት። እንደገና አየ። ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረ።

«ማዳም፣ ማህፀኑ ባዶ ነው።»

«ተኝቶ ይሆናል» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት። የሚያየው ጠፍቶት እንጂ አለ ብዬ ነበር።

«አልነበረም» አለኝ ቀስ ብሎ። «የጠፋ አይደለም። ጭራሽ አልነበረም።»

ሰይድ በር ላይ ቆሟል። ማስኩን አወለቀ። መልሶ አጠለቀው። እኔ ሆዴን በወረቀት ጠረግሁ። ቅባቱ አልለቅ አለኝ።

የደም ምርመራው የባሰ ነበር። ነጭ የደም ሴል በጣም ወርዷል። የጉበት ኢንዛይም ጨምሯል። ሐኪሙ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ሲለኝ ሰይድ ሳጥኑን ከኪሱ አወጣ። ፎቶ አንሥተው ለዶክተር ግሬስ ላኩላት። ከቻይንኛው ግርጌ በደቃቅ የላቲን ፊደል የተጻፈውን የተክሉን ስም አንብባ ወዲያው ደወለች። ስልኩ በስፒከር ነበር።

«አሁኑኑ አቁሚ» አለች። «ይህን ሥር አውቀዋለሁ። ውሸት መድኃኒት አይደለም፤ ቻይና ውስጥ ሐኪሞች ለዚሁ በሽታ ያዙታል። መከላከያሽን ያበርዳል፤ እጅሽ የዳነውም ለዚያ ነው። ግን እሱን ብቻ አይደለም የሚያበርደው። እንቁላል የሚያመርተውንም ያስተኛዋል። ምንም የማይሠራ ቅጠል ቢሆንማ ምንም ባልጎዳሽ ነበር።»

«ይመለሳል?» አልኳት።

«ሲያቆሙት የሚመለስላቸው ብዙ ናቸው» አለች። «በአንቺ ዕድሜ ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው። ልጄን ይጠብቅልኛል ብዬ የዋጥኩት ራሱ ልጅ የሚመጣበትን በር ሲዘጋ ኖሯል፤ በሩ ስለተዘጋ ደግሞ ልጅ መጣ ብዬ አምላኬን አመስግኛለሁ። ሠላሳውን ቀን።

በአንቲባዮቲክ ትኩሳቱ ወረደ፤ ደሜም ቀስ በቀስ ተሻሻለ። ካፕሱሉን ባቆምኩ ጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን በሽታው ተመልሶ መጣ፤ ያቆየውን ሁሉ ይዞ። ጉልበቴ አበጠ። ጸጉሬን ሰይድ ነበር የሚያበጥረኝ። ሽንት ቤት ያስቀምጠኛል፤ ያስነሣኛል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ሁለት ነገር እፈራለሁ፤ እጄን ለማየት እፈራለሁ፣ ደም እንደሌለ ለማየት እፈራለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ እውነቱን ልናገር፣ ካፕሱሉ የት እንደተጣለ ሰይድን ጠይቄዋለሁ። ባገኘው እውጠው ነበር። ልጁ ይቅርብኝ፣ እጄን ስጡኝ ብያለሁ። ሕመም እንዲህ ያደርጋል።

ዶክተር ግሬስ መንገድ ሲከፈት እንደገና ተቀበለችኝ። ሳትቆጣኝ ያንኑ የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣችና ያን ጊዜ ያልሰማሁትን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ መፀነስ ለምትፈልግ ሴት ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር፣ እነሱ ሥራ እስኪጀምሩ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ጥቂት ፕሬድኒሶሎን። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን የኮሮና መድኃኒት ነው ተብሎ ገበያው የተሻማበት ጊዜ ስለነበር ሰይድ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር ዋለ። እኔም አሁን ደግሞ ፍርሃቴ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ክኒን ሁሉ መርዝ ይመስለኝ ነበር። ዶክተሯ ፊቴን አይታ ሳቀች። «የዚህም አያቱ የዛፍ ቅርፊት ነው» አለችኝ። «ኩዊኒን ከቅርፊት ነው የተገኘው፤ ይህ ከእሱ በኋላ በላቦራቶሪ የተሠራ ዘመዱ ነው። ከሥርሽ የሚለየው ስንት እንደምትውጪና የት ሊጎዳሽ እንደሚችል ማወቃችን ነው። ዓይንሽን ሊነካ ይችላል፤ ስለዚህ ዓይንሽን እያስመረመርን እንሄዳለን።»

መዳን ብዬ የምጠራው ነገር በአንድ ጠዋት አልመጣም። መጀመሪያ የግራ አንጓዬ ለቀቀኝ፤ ቀጥሎ ደረጃ መውረድ ቻልኩ፤ ሽንቴ በሰልፋሳላዚኑ ብርቱካን ሲመስል ደንግጬ ዶክተሯ ጋ ደውዬ፣ ምንም አይደለም ተብዬ፣ ከእትዬ ከድጃ ጋር እስክናነባ የሳቅንበት ቀን አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሱቅ ተመለስኩ፤ የጣት ቀዳዳ ባለው መቀስ ፈንታ ሰይድ ከቦንዳ መሐል ፈልጎ ያገኘልኝን፣ በመዳፍ የሚጨመቅ የአትክልተኛ መቀስ ሞረድነውና እሱን እየተጠቀምኩ ጫፍ መቁረጥ ጀመርኩ። ያች ጥቁር ፌስታል መደርደሪያው ላይ እንዳለች ነበረች። አውርደህ ሽጣት አልኩት። «የሕፃን ልብስ ገዢ የለውም» አለኝ። ኦዊኖ ውስጥ ከሕፃን ልብስ ፈጥኖ የሚሸጥ ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

እንግዲህ ለናንተ የምለው ይህ ነው። እርድና ዝንጅብል በወጣችሁ ውስጥ ማንም አይከለክላችሁም። ተክል በካፕሱል ሆኖ፣ ለመከላከያ ኃይል ተብሎ ሲመጣ ግን ከመዋጣችሁ በፊት ሳጥኑን ለሐኪም አሳዩ፤ የማይጎዳ ነው ሲሏችሁ «እንግዲያው ምንስ ይጠቅማል?» በሉ። ሐኪም ጋ ብቻችሁን አትግቡ፤ አንድ ቃል ጆሯችሁን ሲዘጋው የቀረውን የሚሰማላችሁ ሰው ይኑር። መድኃኒት የሚያስፈራችሁ ከሆነ መፍራታችሁን ንገሩ፤ ምናልባት ሌላ አለ። ዓይንን ፍሩ፣ አልቃወምም፤ ብቻ የአልትራሳውንድን ዓይን አትፍሩ። ለዶክተር ግሬስ፣ ላልተቆጣችኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሐጂ ጀማልንም አልተቀየምኩም፤ ሲሰሙ እንደኔው አልቅሰዋል። እትዬ ከድጃ አሁን ግቢው ውስጥ ያረገዘች ሲያዩ «አፍሽን ያዢ፤ ለሐኪምሽ ግን ተናገሪ» ነው የሚሉት።

ልጅ የለኝም። ወደፊት ይመጣል ወይ፣ እጄ ይጸናል ወይ፤ አላህ ያውቃል። ፍርሃቴም አልሄደም፤ አብሮኝ ይነሣል፣ አብሮኝ ሱቅ ይገባል። አንድ ቀን ግን ልንገራችሁ።

የ2022 ረመዳን ነበር፤ የወር አበባዬን ካየሁ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። እኩለ ቀን፣ ኦዊኖ በሙቀት ይነዳል። ሰይድ ቦንዳ ላይ ቆሞ ገመዱን እየፈታ ነበር። እኔ ከሽንት ቤት ተመለስኩ። ጠረጴዛው ሥር ካለው ጄሪካን አጠገብ ቁጭ አልኩ። ክዳኑ የላላ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ አላልቶ መተውን አላቆመም። በኩባያ ቀዳሁና እዚያው፣ እሱ ፊት ቆሜ ጠጣሁ።

«ኧረ ዘሐራ!» አለ ደንግጦ። «ረሳሽ እንዴ? ጾም ነው እኮ!»

«አልረሳሁም» አልኩት። «ዛሬ ጾም የለኝም።»

ገመዱን እንደያዘ አየኝ። ኩባያውን አየ። እንደገና እኔን አየ። ከዚያ ቦንዳው ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን በአንድ የማን እንደሆነ በማይታወቅ ሸሚዝ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔ ደግሜ ቀዳሁና ጠጣሁ።